የፖላንዶቹ አስተማሪ ጋሽ ውብሸት

ሄለን ስትደውል ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ ደፍቼው ስለነበር ሦስት ጊዜ ከጠራ በኋላ ነው ያስተዋልኩት። ኮሪደር ወጥቼ መልሼ ደወልኩላት። ሄለን የጋሽ ውብሸት ልጅ ናት፤ እዚህ አሜሪካ ተወልዳ ስላደገች ሁልጊዜ የምናወራው በእንግሊዝኛ ነው። ያን ዕለት ግን አማርኛ ፈለገችና፣ «መሲ፣ አባዬ አረፈ» አለችኝ። «አረፈ» የምትለዋን ቃል ያን ጠዋት ከሰው የሰማቻት ይመስለኛል፤ የሚሰበር ዕቃ እንደያዘ ሰው በጥንቃቄ ነው የተናገረቻት።

ከዚያ ያደረግሁትን ስናገር አፍራለሁ። ወደ ክፍል ተመልሼ የቀረውን አርባ ደቂቃ አስተማርኩ። ምላሳቸውን በጥርሳቸው መሀል አድርገው እንዲተነፍሱ ለተማሪዎቼ አሳየኋቸው፤ አንዷን አሞገስኩ፤ የቤት ሥራ ሰጠሁ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ በሩን ከዘጋሁ በኋላ ነው መሪውን በመዳፌ የመታሁት። ሐዘን ብቻ አልነበረም። በጋሽ ውብሸት ተናድጄ ሳልጨርስ ሞቱብኝ።

እንዲህ ስል ክፉ ሰው እንዳይመስሏችሁ። ደግ ነበሩ። በትምህርትም እኔ ካየኋቸው መምህራን ሁሉ ይበልጣሉ። ግን ሰውን ማብገን ይችሉበት ነበር፤ ያውም ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ።

ያወቅኋቸው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ከጆርጂያ አቬኑ ገባ ብሎ ባለው የምኖርበት አፓርትመንት ፍሮንት ዴስክ ይሠሩ ነበር። ፓኬጅ ይቀበላሉ፣ እንግዳ ይመዘግባሉ፣ ቁልፍ ረስቶ የወጣ ተከራይ ያስገባሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሰው ነበሩ። የደንብ ልብሱ ኮት ስለሚያጥራቸው የእጃቸው አንጓ ሁልጊዜ ውጭ ነው። ለረጅም ጊዜ ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልተነጋገርንም።

አንድ ቀን ሊፍቱ ተበላሽቶ ሊጠግን የመጣ ወፍራም ሰውዬ፣ ስልክ ላይ ሆኖ በማላውቀው ቋንቋ ሲያማርር ጋሽ ውብሸት ከወንበራቸው ሳይነሱ በዚያው ቋንቋ አንድ ነገር ጣል አደረጉለት። የሰውዬው የእጅ ባትሪ ከእጁ ወደቀ። ከዚያ ሁለቱ ሩብ ሰዓት ሙሉ ሲያወሩ እኔ ፓኬጄን ታቅፌ ቆሜ ቀረሁ።

«ምን ቋንቋ ነው ጋሼ?» አልኳቸው ሰውዬው ወደ ሥራው ሲመለስ።

«ፖላንድኛ።»

«ምን አሉት?»

«የሊፍቱን እናት ሲሰድብ ነበር። እናት የለውም አልኩት።»

ታሪካቸውን ያን ቀን ነው የሰማሁት። በደርግ ጊዜ የጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና እንዲማሩ መንግሥት ፖላንድ ላካቸው። የውጭ ተማሪ ሁሉ መጀመሪያ አንድ ዓመት ቋንቋ ይማራል፤ እዚያ አንዲት አሮጊት የድምፅ አስተማሪ አጋጠሟቸው። ምላስ የት እንደሚቀመጥ፣ ጉሮሮ መቼ እንደሚነዝር፣ ከንፈር ሲከፈት ትንፋሽ እንዴት እንደሚወጣ በመስታወትና በሻማ ያሳዩ ነበር አሉ። ጋሽ ውብሸት «በዓመቱ መጨረሻ ጨርቁን ትቼ ድምፁን ያዝኩ» ይላሉ። ስምንት ዓመት ቆይተው፣ የእንግሊዝኛን የንግግር ድምፆች አጥንተው አገር ቤት ተመለሱና ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። እዚህ ከመጡ በኋላ ግን አንድም ቀን ክፍል ውስጥ አልቆሙም። ማመልከቻቸውን ያየ ሁሉ ደስ ብሎት ይደውልላቸዋል፤ ስልክ ላይ አነጋገራቸውን ሲሰማ ቦታው ተይዟል ይላቸዋል። ይህን ሲያወሩ ፊታቸው አይለወጥም። የምናደድላቸው እኔ ነበርኩ።

እኔ የማስተምረው አሌክሳንድሪያ፣ ዱክ ስትሪት ላይ፣ ከአንድ የጥርስ ሐኪም ቤት በላይ ባለች ትንሽ የቋንቋ ትምህርት ቤት ነው። ባለቤቷ ዳያን የምትባል አሜሪካዊት ናት። አንድ መስከረም ላይ ስምንት ፖላንዳውያን ለአሥር ሳምንት የቅዳሜ ጠዋት ኮርስ ተመዘገቡ። መሐንዲሶች፣ አንድ ሐኪም፣ አንዲት ጠበቃ፣ አንዲት ነርስ። ሰዋስዋቸው ከእኔ ይሻላል። የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሲናገሩ ሰው «ምን አልክ?» እንዳይላቸው።

ዳያን ኮርሱን ለእኔ ልትሰጠኝ ፈለገች። እኔ ደግሞ ምን እንደማስተምራቸው አላውቅም። «ከእኔ የሚሻል ሰው አውቃለሁ» አልኳትና ጋሽ ውብሸትን ወሰድኳቸው። ወረቀታቸውን ስታይ ዓይኗ ፈጠጠ። ስታነጋግራቸው ደግሞ ትንሽ አመነታች። እኔ ረዳት ሆኜ ክፍሉ ውስጥ እንድቀመጥ ተስማምታ ቀጠረቻቸው። ይህን ያደረግሁት ለሳቸው ብዬ ነው፤ እንዳልኮራበት ግን በኋላ የሆነው ከለከለኝ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ልብሳቸውን አስተኩሰው፣ አንድ ጠመኔና አንድ ክላሴር ይዘው መጡ። ሰሌዳው ነጭ፣ የሚጻፈው በማርከር መሆኑን ነግሬያቸው ነበር።

«ልጽፍበት ብዬ አይደለም» አሉኝ፤ «እጄ ባዶ ሲሆን ስለማይስማማኝ ነው።»

ለተማሪዎቹ ችግራቸውን በአሥር ደቂቃ ነገሯቸው። ፖላንድኛ ቃል መጨረሻ ላይ ጉሮሮን የሚያነዝሩትን ድምፆች ያጠፋቸዋል፤ «ድ» «ት» ትሆናለች፣ «ግ» «ክ»፣ «ዝ» «ስ»። ስለዚህ ፖላንዳዊው በእንግሊዝኛ «ባግ» ሲል «ባክ» ይሆንበታል፤ ቦርሳ ያለ መስሎት ጀርባ ይላል። ለራሱ ግን አይሰማውም።

«የተማርኩባት ከተማ ስሟ መጨረሻው ላይ በ‹ጅ› ይጻፋል» አሏቸው፤ «ስትጠሯት ግን በ‹ች› ነው። ስምንት ዓመት ስጠይቅ አንድም ሰው ልዩነቱን አስተውሎ አያውቅም።»

ስምንቱም የከተማዋን ስም ለየራሳቸው አጉረመረሙና ተያዩ። ያን ጊዜ ደስ አለኝ። ሰውዬው ይችሉበታል አልኩ።

ከዚያ በኋላ ነው ብስጭቴ የጀመረው። ጋሽ ውብሸት ሦስት ሳምንት ሙሉ ተማሪዎቹን አፋቸውን እንዲከፍቱ አልፈቀዱላቸውም። ክላሴራቸውን አፋቸው ላይ ይጋርዱና አንድ ቃል ይላሉ፤ «ባድ» ከሆነ ቀኝ እጅ፣ «ባት» ከሆነ ግራ እጅ ይነሣል። አንደኛ ሰዓት ይህ ነው። ሁለተኛ ሰዓትም ይህ ነው። ግማሹ ክፍል ቀኝ፣ ግማሹ ግራ ያነሣል፤ እሳቸው ማን እንደተሳሳተ ይጽፋሉ። ዱክ ስትሪት ላይ የሚያልፈው አውቶቡስ ሲጮህ ቆመው ይጠብቃሉ። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ሰዓቴን አያለሁ።

«ጋሼ፣ ሰዎቹ ለመናገር ነው የመጡት» አልኳቸው በሁለተኛው ሳምንት ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ይዣቸው ስመለስ። ከተማውን የሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌዩ፣ ተጨናንቆ ቆመን ነበር።

«ያልሰሙትን እንዴት ይናገሩታል?»

«ትንሽ ትንሽ እያሉ ቢሞክሩስ?»

«ስሕተቱን ይለማመዱ ነው የምትይኝ?»

መልስ የላቸውም ማለት አይቻልም፤ መልስ አላቸው። ግን መልሳቸው ሁሉ ጥያቄ ነው። ሰውን እንዴት እንደሚያበሳጭ መኪና ውስጥ አብሯቸው የተቀመጠ ያውቀዋል።

በሦስተኛው ሳምንት ማርቺን የሚባለው መሐንዲስ ታከተው። ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚናገር ሰው ነበር። «እኔ ልዩነቱ ይሰማኛል፤ ይህ ጊዜ ማባከን ነው» አለ። ጋሽ ውብሸት አልተቆጡም። ወደ እኔ ዞረው፣ «መሠረት፣ እስቲ ‹ጥል› በያቸው» አሉኝ። አልኩ። «አሁን ‹ትል› በያቸው።» አልኩ። «አንዱ ጠብ ማለት ነው፤ አንዱ አፈር ውስጥ የሚኖር ነገር ነው። ማርቺን፣ በልልን።»

ማርቺን «ትል» አለ። ከዚያ «ትል» አለ። ፊቱ እስኪቀላ እየገፋ ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ ሦስቱም ትል ነበሩ። ክፍሉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ጋሽ ውብሸት ግን አልሳቁም። «ለእኔ በጣም ቀላል ነው» አሉት፤ «አንተ ‹ባድ› ስትል አሜሪካዊው የሚሰማውም ይህንኑ ነው።»

ማርቺን ያን ቀን እስከ መጨረሻው እንደ ሌሎቹ እጁን እያነሣ ዋለ። እኔ ትምህርቱ የገባው መስሎኝ ነበር። ለካ ቂም ይዟል።

ከስምንቱ ውስጥ እዚህ የማነሣት ሌላዋ አኔታ ናት፤ ነርሷ። ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ ትሆናለች፤ ዝምተኛ፣ ከሺፍት በቀጥታ እየመጣች ወገቧን ደገፍ አድርጋ የምትቀመጥ። ለሷ ኮርሱ የእንጀራ ጉዳይ ነበር። በምትሠራበት ቦታ አንድ ቀን ጉልበቱን ኦፕራሲዮን ተደርጎ በረዶ የተያዘለት በሽተኛ ነበራት፤ ዓይኑም ታሞ ስለነበር ፊቱን ለምታጥበው ረዳት ሠራተኛ «ዓይኖች ይቅሩ» ትላታለች። ዓይኖች በእንግሊዝኛ «አይዝ» ነው፤ ከአኔታ አፍ የወጣው «አይስ» ነው። በረዶ ማለት ነው። ሠራተኛዋ በረዶውን ከጉልበቱ አነሣችው። ጉልበቱ አብጦ አደረ። አኔታ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት፤ ንግግሯ ካልተስተካከለ እዚያ እንደማትቀጥልም ተነገራት።

በአራተኛው ሳምንት ጋሽ ውብሸት አፍ እንዲከፈት ፈቀዱ። አኔታ «አይዝ» ልትል «ዝ»ዋን በሙሉ ኃይሏ ስትጫናት «አይዙ» ሆነባት። ደጋገመችው፤ ባሰ። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ተያት» አሏት። «‹ዝ›ዋን ተያት። አሜሪካኖቹም እኮ መጨረሻ ላይ ያደክሟታል። ጆሯቸው የሚይዘው ከፊቷ ያለውን አናባቢ ነው። እሱን አስረዝሚው።»

ከዚያ አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን ገጥመው አየር ላይ ክር እንደሚስብ ሰው ቀስ ብለው ሳቡ፤ «አ---ይዝ»። ደግሞ ክሩን ቁርጥ አደረጉት፤ «አይስ»። አኔታ እጃቸውን እያየች አለችው። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ በግልጽ ሰማሁት፤ ዓይን ነበር፤ በረዶ አልነበረም። ጋሽ ውብሸት ምንም አላመሰገኗትም። «ሌላ» ብቻ አሉ።

በስድስተኛው ሳምንት ማርቺንና ሌሎች ሁለት ተማሪዎች ለዳያን ኢሜል ጻፉ። አስተማሪው ራሱ አክሰንት አለው የሚል ነው። እውነት ነበር። በእንግሊዝኛ «ዚስ» ብለን የምንጽፈው ቃል መነሻው ላይ ምላስ በጥርስ መሀል ወጥቶ የሚፈጠር ድምፅ አለ፤ በአማርኛም በፖላንድኛም የለም። ጋሽ ውብሸት ሲያሳዩ አጥርተው ያወጡታል። ሲያወሩ ግን እንደ ማናችንም «ዝ» ይሉታል። እኔ ይህን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ልብ ብዬ ነበር፤ ሲያናድደኝም ነበር።

«ጋሼ፣ ይችሉታል እኮ» አልኳቸው ያን ሳምንት። «ለምን ሲያወሩ አይሉትም?»

«ሳወራማ እያወራሁ ነው።»

«ለሁለት ሰዓት ብቻ ቢጠነቀቁስ? ሰዎቹ ቅሬታ አላቸው።»

«ሁለት ሰዓት የራሴን ምላስ ስጠብቅ የእነሱን ማን ይሰማልኝ?»

«ጋሼ፣ ሥራውን ያጡታል።»

«አውቃለሁ» አሉ፤ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ።

እንዴት ያለ ግትርነት ነው አልኩ በልቤ። ሰው ዕድሜ ልኩን የጠበቀውን በር ሲከፍቱለት ደፉ ላይ ቆሞ ይከራከራል?

ዳያን የአንድ ክፍለ ጊዜ ድምፅ በስልኬ ቀድቼ አጭር ሪፖርት እንድጽፍላት ጠየቀችኝ። ቀዳሁ። ጻፍኩም። ውሸት አልጻፍኩም። መምህሩ ጥልቅ ዕውቀት አላቸው፤ አካሄዳቸው ግን አዝጋሚ ነው፤ የራሳቸው አነጋገርም ለከፍተኛ ደረጃ ተማሪዎች በምሳሌነት የሚቀርብ አይደለም፤ ይኸው ነው። ስጽፈው ተናድጄ ነበር፤ ትንሽ ይደንግጡና ይስተካከሉ ብዬ ነበር። ዳያን ግን ሰኞ ዕለት አስጠርታ አሰናበተቻቸው፤ ወረቀቱንም እንዲያነቡት ሰጠቻቸው።

ማክሰኞ ጠዋት ሕንፃችን ውስጥ ዴስካቸው ላይ አገኘኋቸው። የተማሪዎቹን ስም ዝርዝር ዘርግተው ጠበቁኝ፤ ከእያንዳንዱ ስም ጎን የትኛው ድምፅ እንደሚያስቸግረው በእርሳስ ጽፈውበታል።

«ጋሼ፣ እኔ እንዲህ ይሆናል ብዬ...»

«የጻፍሽው ውስጥ ሐሰት የለበትም» አሉኝ። «አኔታን በርቺ በያት። ‹ድ› ገና ናት፤ ‹ዝ› ግን መጥታላታለች።» ከዚያ ፓኬጅ የሚያደርስ ሰው ገባና ወደሱ ዞሩ።

ክፍሉን እኔ ተረከብኩት። መስታወት አደልኩ፤ ምላስ የሚያጠላልፉ ዓረፍተ ነገሮች አለማመድኩ፤ እጅ አስጨበጨብኩ። ሳቅ በሳቅ ሆነ። በመጨረሻው ቀን ማርቺን አበባ አመጣልኝ፤ በአስተያየት ወረቀቱ ላይ ሁሉም አሞገሱኝ። ማርቺን አበባውን ሲሰጠኝ «ለጥሩ አስተማሪ» አለኝ፤ «ጉድ» ማለት ፈልጎ «ጉት» አለ። በሦስት ሳምንት ውስጥ የማንንም አንድ ተነባቢ አላቀናሁም።

ያን ሰሞን የቀዳሁትን ልሰርዝ ብዬ ስልኬን ከፈትኩ። ከመሰረዜ በፊት ትንሽ አዳመጥኩ። የጋሽ ውብሸት ክፍለ ጊዜ ሲያበቃ እኔ ተነሥቼ ለተማሪዎቹ ስለ መጽሐፉ ማስታወቂያ እነግራቸዋለሁ። «ዚስ ኢዝ ዘ ላስት ፔጅ» የምትል ሴት ሰማሁ። ቸኩላለች፤ «ዝ» በ«ዝ» ላይ ትደረድራለች። መልሼ አጫወትኩት። እኔ ነኝ። የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ ብዬ ይህን ያህል ዓመት ስኖር የራሴን ድምፅ ሰምቼው አላውቅም ነበር ማለት ነው።

በማግሥቱ ወደ ዴስካቸው ሄድኩ።

«እኔም እላለሁ ለካ» አልኳቸው።

ምን እንደማወራ ወዲያው ገባቸው። «አዎ» አሉ።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብዬ? አንቺ ስትናገሪ ያልገባው ሰው አይቼ አላውቅም።»

«ሪፖርቱን ስጽፍ እንኳን...» አልኩና እንባዬ መጣ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

«አኔታ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እዚህ ላይብረሪ እየመጣችልኝ እንለማመዳለን» አሉኝ። «‹ድ›ም መጣችላት።» ሌላ ነገር ሊያናግሩኝ አልፈለጉም። ሁለት ጊዜ ደግሜ ሞከርኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ ስለ አኔታ ተነባቢዎች አወሩኝ። ሰው ይቅርታ ሲጠየቅ እንዴት ይሸሻል? ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አኔታ በዚያው ዓመት ማስጠንቀቂያው ተነሣላት፤ የሥራ እድገትም አገኘች። ጋሽ ውብሸት ለመሰናበታቸው ምክንያቱ የማርቺን ኢሜል ብቻ ይመስላት ነበር። ጋሽ ውብሸት ስለ ሪፖርቴ አልነገሯትም። እኔም አልነገርኳትም።

ሁለት ዓመት አለፈ። ባለፈው የካቲት ጋሽ ውብሸት ሥራ ላይ እንዳሉ ስትሮክ መታቸው። ቀኝ እጃቸው ዛለ፤ ንግግራቸው ጠፋ። ከሆስፒታል ወጥተው እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ማገገሚያ ቦታ ገቡ። እናቷ ከሞተች ወዲህ ከአባቷ በቀር ማንም የሌላት ሄለን በየቀኑ ከምትኖርበት ከፔትዎርዝ እየተመላለሰች አጠገባቸው ትቀመጣለች። ልጠይቃቸው ስሄድ አንዲት ወጣት የንግግር ቴራፒስት ሥዕል እያሳየቻቸው ነበር። ጽዋ። ቁልፍ። ወንበር። እሳቸው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ የሚወጣው ግን ሌላ ነው።

ቴራፒስቷ ኮሪደር ላይ አወጣችንና፣ «ድምፅ ያወጣሉ፤ ቃል ግን አይደለም። ከስትሮክ በኋላ እንዲህ ያጋጥማል፤ ትርጉም የሌለው ነው» አለችን። ሄለን ግድግዳውን ተደግፋ፣ «አማርኛም አይደለም አይደል?» አለችኝ። አይደለም አልኳት።

ግን ተመልሼ ገብቼ ቆሜ አዳመጥኩ። «ሽ» አለበት፤ «ች» አለበት፤ መጨረሻው ሁሉ ድፍን ነው። ስምንት ፖላንዳውያን በዕረፍት ሰዓት ሲንሾካሾኩ ሰባት ሳምንት ጥግ ላይ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። ለአኔታ ኮል አደረግሁላት።

ከሺፍት እንደወጣች፣ የሥራ ልብሷን ሳትቀይር መጣች። አልጋው ላይ ጎንበስ አለችና በቋንቋዋ ሰላም አለቻቸው። ጋሽ ውብሸት በግራ እጃቸው የአልጋውን ብረት ጨብጠው ተናገሩ። አኔታ ቀና ብላ ወደ እኛ ዞረች።

«መስኮቱን ክፈቱልኝ እያሉ ነው» አለች። «ሦስት ቀን ሙሉ ጠይቄያለሁ፤ ማንም አልሰማኝም ይላሉ።»

ሄለን ሮጣ መስኮቱን ከፈተችው። ከዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች።

ለምን ፖላንድኛው ብቻ እንደተረፈ ቴራፒስቷም በቅጡ አላወቀችም፤ ብዙ ቋንቋ በሚያውቅ ሰው ላይ የትኛው ቀድሞ እንደሚመለስ አይታወቅም አለችን። ከዚያ ቀን ጀምሮ አኔታ ጊዜ ባገኘች ቁጥር ትመጣለች። በአባትና በልጅ መካከል ትቀመጣለች፤ እሳቸው በፖላንድኛ ይናገራሉ፣ እሷ ለሄለን በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። ሄለን አንድም ጊዜ «ምን አልሽ?» አላለቻትም።

አንድ ቀን ሄለን፣ «ታውቀኛለህ ወይ በዪልኝ» አለቻት።

አኔታ ጠየቀቻቸውና መልሱን ይዛ ዞረች። «ልጄ ናት ይላሉ። ለምን ዝም እንደምትለኝ ጠይቂልኝ ይላሉ።»

ሄለን ያን ቀን የነገረቻቸውን ሁሉ አኔታ እስኪደክማት ተረጎመችው። ኮሌጅ የተማረችው ሳይቀር፣ ሳትነግራቸው የለቀቀችው ሥራ ሳይቀር። እሳቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ።

መጋቢት መጨረሻ ላይ ሄለን ሥራ ሄዳ እኔና አኔታ ብቻችንን አጠገባቸው ነበርን። «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው በአማርኛ። አፌን አዩት፤ የተማሪ አፍ እንደሚያዩት አድርገው። የገባቸው ነገር እንደሌለ ፊታቸው ነገረኝ። ያለኝ መንገድ አንድ ብቻ ነበር።

ለአኔታ ነገርኳት። ዳያን ሪፖርት እንዳስጻፈችኝ፣ የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ያሰናበታቸውም ያ ወረቀት እንደሆነ። ሥራዋ ሊያመልጣት በደረሰበት ሰዓት አስተማሪዋን የነጠቅኋት እኔ መሆኔን ስትሰማ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አየች።

«ይህን ልንገራቸው?» አለችኝ።

«ይቅርታዬንም።»

ነገረቻቸው። ሁሉን ትንገራቸው፣ ግማሹን ትተው፣ ማወቂያ የለኝም። ጋሽ ውብሸት ዓይናቸውን ከሷ ሳይነቅሉ አዳመጡ። ከዚያ መናገር ጀመሩ፤ እያረፉ፣ ቃል እየፈለጉ፣ ብዙ አወሩ። በግራ እጃቸውም አየሩን ሁለት ሦስት ጊዜ ገፋ አደረጉ። አኔታ አንድ ጊዜ ፈገግ አለች፤ አንድ ጊዜ ጉንጯን ጠረገች።

ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞረች። «አላስታውሰውም አሉ።»

«ሌላስ?» አልኳት። «ብዙ ነው የተናገሩት።»

«ሌላው ለእኔ ነው» አለችኝ።

ከዚያ በሦስተኛው ሳምንት ጋሽ ውብሸት አረፉ። ቀብራቸው ላይ አኔታ ሄለንን ደግፋ ቆማ ነበር፤ እኔ ከጀርባቸው ነበርኩ። ሥነ ሥርዓቱ ሲያበቃ ሁለታችን መኪና ማቆሚያው ድረስ አብረን ሄድን። ስለ አየሩ አወራን፣ ስለ ሄለን አወራን። በሩን ከፍታ ስትገባ ሌላው ምን እንደነበር ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ፤ እሷም ይህን አይታ ቆም አለችልኝ። «በሰላም ግቢ» አልኳትና በሩን ዘጋሁላት።